ድሬ በምን ልሂድ?

ቡና ተቀምጠን ከሚነሱ ጥያቄዎች ሁሉ እንደዚህኛው የሚያነቃቃኝ የለም፦ «ድሬ ልሄድ ነበር፤ በምን ብሄድ ይሻለኛል?» ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ታሪፉን አጥንቶ ነው የሚመጣው። አውቶቡሱ ይህን ያህል፣ ባቡሩ ይህን ያህል፣ አውሮፕላኑ ይህን ያህል ብሎ ይደረድርልኛል፤ ከዚያ ርካሹን ወይም ፈጣኑን እንድጠቁመው ይጠብቃል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። የሚሄደው ማን ነው? ምን ይዞ? ከየትኛው ሰፈር ተነስቶ? ድሬስ ሲደርስ ማን ይቀበለዋል? እነዚህ ሳይመለሱ «በዚህ ሂድ» ማለት በሰው ጉልበት መፍረድ ነው።

የትኬት ዋጋ አልጠራላችሁም። ዛሬ የጻፍኩት ነገ ሊለወጥ ይችላል። ደረጃው ግን ያው ነው፤ አውሮፕላኑ ከሁሉም ይወደዳል፣ አውቶቡሱና ባቡሩ ከሱ በብዙ ይረክሳሉ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ አይደለም። የሚሳሳተው ከቤቱ ደጃፍ እስከ መነሻው፣ ከመድረሻው እስከ ዘመድ ቤት ያለውን መንገድ ሳይቆጥር በመቅረቱ ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋን ለሚያመላልስ ሰው ጉዞው የሚከብደውም የሚቀለውም ጫፍና ጫፉ ላይ ነው፤ ይህን ይዛችሁ አብረን እንሂድ።

መጀመሪያ መሬቱን እንየው፤ ምክንያቱም የሦስቱም ነገር ከመሬቱ ይመጣል። በመኪና መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ እየወረዳችሁ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ትገባላችሁ፤ አዋሽ ሰባት ኪሎ ስትደርሱ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ድሬ ራሷ 1,200 ሜትር አካባቢ ነች። እንግዲህ ከአዋሽ ድሬ በሜዳው ቢኬድ ብዙ ዳገት የለም ማለት ነው። ነባሩ የመኪና መንገድ ግን ከሚኤሶ በኋላ ወደ ቀኝ ይዞ የጨርጨርን ተራራ ይወጣል፤ አሰበ ተፈሪን፣ ሂርናን፣ ጨለንቆን፣ ቁልቢን በጋራው ጀርባ ላይ እየተከተለ ከፍታው ላይ ይቆይና ደንገጎ ላይ ወደ ድሬ ይወረወራል። ወርዳችሁ፣ ወጥታችሁ፣ እንደገና ወርዳችሁ ነው የምትደርሱት። ባቡሩ ደግሞ አንዴ ከወረደ ሜዳውን ይዞ ይቀራል።

ይህ የባቡርና የመኪና መለያየት ዛሬ የመጣ አይደለም፤ ድሬዳዋን የፈጠራት እሱ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡር መንገድ ፈቃዱን ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሲሰጡ፣ ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲደርስ ነበር ሐሳቡ። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት፤ የዚያ ዘመን ባቡር እዚያ ዳገት ላይ ይውጣ ቢባል ወጪው አይቀመስም። ስለዚህ ሀዲዱ ከተራራው ግርጌ ሜዳውን ይዞ እንዲያልፍ ተደረገ፤ በ1895 ዓ.ም. የደረሰበት ቦታ ላይ ጣቢያና ጥገና ቤት ተተከለ፣ በዙሪያውም ከተማ በቀለ። የመጀመሪያ ስሟም አዲስ ሐረር ነበር። አዲስ አበባ ባቡር ያየችው ከዚያ ሌላ አስራ አራት ዓመት ቆይታ በ1909 ዓ.ም. ነው። ድሬዎች ስለ ባቡር ሲያወሩ ድምፃቸው የሚለወጠው ለዚህ ነው። ሌላው ከተማ ባቡር መጣለት፤ ድሬ ግን ከባቡር ተወለደች።

የድሮው ባቡር ስንት ጊዜ ይፈጅ እንደነበር ለወጣቶቹ ስነግራቸው አያምኑኝም። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ ድሬዳዋ ያድራል፣ በማግስቱ አዋሽ ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። አዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው ጥንታዊ ሆቴል፣ ቡፌ ዳዋሽ የሚባለው፣ ስም ያወጣው በነዚያ አዳሪ መንገደኞች ነው። ኋላም ጉዞው ቢፈጥን እንኳ ባቡሩ በየጣቢያው ይቆም ነበር፤ ኤረር ላይ ብርቱካንና መንደሪን በመስኮት ይገዛል፣ ነጋዴው ዕቃውን ይዞ ይወርዳል፣ ሌላው ይሳፈራል። አንድ የመስመር ዳር መንደር ሳምንቱን በባቡር ይቆጥር ነበር። ይህ ሁሉ እያረጀና እየተሰበረ ሄዶ ከአዲስ አበባ ድሬ ያለው ቆመ። አዲሱ ባቡር እስኪመጣ ያለፉት ዓመታት የአውቶቡስ ዘመን ሆኑ።

እንግዲህ ወደ አውቶቡሱ። ድሬ የሚሄድ አውቶቡስ ሌሊት ነው የሚነሳው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ ከመስቀል አደባባይ ጀምሮ ሻንጣ የሚጎትት፣ ፌስታል ያንጠለጠለ፣ ልጅ በጀርባው ያዘለ ሰው ትርምስ ታያላችሁ። በጠዋት የሚነሳበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ከመሸ በኋላ መሄድ የለበትም፤ ስለዚህ የቀኑን ብርሃን ሙሉ ለመጠቀም ጎህ ሳይቀድ ሞተሩ ይነሳል። ይህ ማለት ግን እናንተ ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምራችሁ ነቅታችኋል ማለት ነው። አያት ወይም ለሚ ኩራ የሚኖር ሰው በዚያ ሰዓት ታክሲ ፍለጋ ይወጣል፤ ከአውቶቡሱ ትኬት ላይ የዚያን ታክሲ ዋጋ ደምሩ፣ ለማስተኛት የምትቸገሩበትን ልጅ ደምሩ።

አውቶቡስ ስንል ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። እንደ ሰላም ባስና ስካይ ባስ ያሉት ትኬት አስቀድመው ይቆርጣሉ፣ ወንበር ቁጥር አለው፣ ትርፍ ሰው አይጭኑም፣ ሻንጣው ከሆዱ ገብቶ ይቆለፋል። የመናኸሪያው አውቶቡስ ዋጋው ቀለል ይላል፤ በየከተማው ይቆማል፣ ፖርቶመጋላው ላይ ማዳበሪያ፣ ጀሪካን፣ አልጋ ሳይቀር ይወጣል። ከአሰበ ተፈሪ ወይም ከሂርና ገጠር ዘመድ ዘንድ የሚወርድ ሰው፣ ወይም ብዙ ዕቃ ያለው ሰው፣ በዚህኛው ቢሄድ አልፈርድበትም። ቀጥታ ድሬ ለሚሄድ ግን ልዩነቱን ከፍሎ ቁጥር ያለው ወንበር ላይ ቢቀመጥ ከአሥር ሰዓት ጉዞ በኋላ ወገቡ ያመሰግነዋል።

አሥር ሰዓት ያልኩት በግምት ነው። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የመጀመሪያው ክፍል እንደ ንፋስ ያልፋል፤ ድሮ በቢሾፍቱና በሞጆ የጭነት መኪና ጭራ ስር ይባክን የነበረው ጊዜ ተርፏል። አዳማን ካለፋችሁ በኋላ ነው መንገዱ መንገድ የሚሆነው። መተሐራ ላይ ከበሰቃ ሐይቅ ጋር ትገናኛላችሁ። ይህን ሐይቅ ሳልፍበት ሁሌም ልቤ ይከብዳል። ከስድሳ ዓመት በፊት ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በልጧል። ጨዋማው ውሃ የግጦሽ መሬቱን ዋጠ፣ የድሮውን ሀዲድ ነካ፣ አውራ ጎዳናው ተደጋግሞ ከፍ ተደርጎ ተሠራ። በሁለቱም በኩል ውሃ፣ ከውሃው ዳር ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከበላዩ የፈንታሌ ተራራ፤ አውቶቡሱ በዚያ መሀል ሲያልፍ ተኝቶ የነበረው ሁሉ ይነቃል።

ቁርስ ብዙ ጊዜ አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው፤ ሙቀቱ ከበሩ ይቀበላችኋል፣ ሹራባችሁን የምታወልቁት እዚያ ነው። ከሚኤሶ በኋላ ደግሞ መልሳችሁ ልትፈልጉት ትችላላችሁ፤ ጨርጨር ላይ ጭጋግ ሲወርድ ቆላው የለም፣ ደጋ ነው። መቀመጫ የመምረጥ ዕድል ካገኛችሁ ወደ ድሬ ስትሄዱ በግራ በኩል ተቀመጡ። መንገዱ የጋራውን ጀርባ ይዞ ስለሚሄድ በስተግራ መሬቱ ድንገት ይጎድልና ቆላው እስከ ዓይን ዳርቻ ተዘርግቶ ይታያል፤ ባቡሩ የሚሄደው በዚያ ውስጥ ነው። በጥቅምትና በጥር ግራው ሌላም ጥቅም አለው፤ በነዚያ ወራት የቀትር ፀሐይ በስተደቡብ ስለምትሆን ቀኝ ያለው ሰው ነው የሚጠበሰው። በባቡር ስትሄዱ ነገሩ ይገለበጣል፤ ተራራውን የምታዩት በቀኝ መስኮት ነው።

ስለ ደንገጎ ቁልቁለት ሳልነግራችሁ ባልፍ ቅር ይለኛል። ደንገጎ መገንጠያ ላይ ቀጥ ያለው ወደ ሐረማያ፣ አወዳይና ሐረር ይሄዳል፤ በግራ ያለው ወደ ድሬ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ጠመዝማዛ ነው፤ አንዱን ኩርባ ስትጨርሱ ከእግራችሁ ስር ሌላው ተጣጥፎ ይታያችኋል። ጆሮ ይደፈናል። የፍሬን ሽታ ይመጣል። ጥሩ ሹፌር እዚህ ይታወቃል፤ ከላይ ጀምሮ በከባድ ማርሽ ይይዘውና ፍሬኑን ለጭንቅ ጊዜ ያቆየዋል። ከአወዳይ ጫት ጭነው የሚወርዱት መኪኖች ግን ጊዜ የላቸውም፤ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ገበያው ላይ መድረስ አለበትና ኩርባው ላይ ሳይቀር ይቀድማሉ። እየወረዳችሁ አየሩ ደረጃ በደረጃ ይሞቃል፤ ቁልቁለቱ ሲያልቅ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። በድሬ መንገድ ያደገ ልጅ ዓይኑን ቢጨፍን እንኳ በሙቀቱ ብቻ የት ኩርባ ላይ እንዳለ ይነግራችኋል።

ስለ አባዱላና ስለ ሌሎቹ ሚኒባሶች አጭር ቃል አለኝ፤ ለረዥም መንገድ አልመክርም። ከድሬ ሐረር አንድ ሰዓት ለሚሆን መንገድ ጥሩ ናቸው፤ ሲሞሉ ይነሳሉ፣ ሰፈር አቅራቢያ ያወርዳሉ። ከአዲስ አበባ ድሬ ግን «በሰባት ሰዓት ትገባለህ» ብሎ የሚጠራችሁ ደላላ እየሸጠላችሁ ያለው የሹፌሩን ፍጥነት ነው። ያ ፍጥነት የሚገኘው ከደንገጎና ከጨርጨር ኩርባ ላይ ነው። የምወደውን ሰው በዚህ አልልክም።

አውሮፕላኑ ብዙ ወሬ አይፈልግም። ከቦሌ እስከ ድሬው አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ድሬ ላይ ማረፊያው ከከተማው ብዙም አይርቅም፣ ወርዳችሁ ምሳ ቤት ትደርሳላችሁ። ሆኖም አንድ ሰዓት የሚባለው የአየሩ ብቻ ነው። ቦሌ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ፣ ፍተሻው፣ ሻንጣ መጠበቁ ሲጨመር ግማሽ ቀን ይሆናል። ግማሽ ቀን ግን ከሙሉ ቀን ያንሳል፤ ለታመመ ሰው፣ ለለቅሶ ለሚጣደፍ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ሥራ ጨርሶ ለሚመለስ ሰው ይህ ልዩነት ገንዘቡን ያወጣል። ክንፉ ከላይ በሆነው ትንሹ አውሮፕላን፣ በኪው 400፣ ከሄዳችሁ መስኮት ያዙ። ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ አይከልልም፤ አዋሽ ሸለቆውን እየሰነጠቀ ሲሄድ ከላይ ታዩታላችሁ።

ከውጭ ለሚመጡ ወገኖቻችን ደግሞ አንድ የማይዘነጋ ነገር አለ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከሪያድ የገባ መንገደኛ ለሀገር ውስጥ በረራ ቅናሽ ያገኛል፤ በሌላ አየር መንገድ የመጣ ግን የውጭ ዜጋ ከሆነ ሙሉውን ይጠየቃል። ሐረርጌ ውስጥ ዓረብ አገር ወይም አሜሪካ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል፤ እነዚህ ልጆች ሲመጡ አዲስ አበባ ደርሰው ሻንጣ በሻንጣ ሆነው «ከዚህስ በምን?» የሚሉት ዘግይተው ነው። ዋናውን ትኬት ስትቆርጡ የድሬውንም አብራችሁ ቁረጡት። ሻንጣው ከበዛ አውሮፕላኑ ይመዝነዋል፤ ያኔ አንዱ በአየር ሄዶ ዕቃው ከሌላው ጋር በአውቶቡስ ቢመጣ ይሻላል።

አሁን ልቤ ያለበት ላይ ደረስኩ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ከዚያም በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር፣ ለድሬ ሰው የቤተሰብ ሰው ከስደት እንደመጣ ያህል ነበር። ከሰበታ እስከ ጅቡቲ ወደብ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በቻይና ብድርና በቻይና ተቋራጮች ተሠራ። ሀዲዱ ሰፊ ነው፣ ለመንገደኛ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ታስቦ ተሠርቷል። ወንበር አለው፣ አልጋም አለው፤ አልጋው የታች፣ የመካከልና የላይ ተብሎ በዋጋም ይለያያል። መንገድ የቀናው ቀን ሰባት ስምንት ሰዓት ውስጥ ድሬ ይገባል።

ባቡርን ከአውቶቡስ የሚያስበልጥብኝ ፍጥነቱ አይደለም፤ በፍጥነት ብዙም አይራራቁም። ዋናው ነገር ሰው በባቡር ውስጥ ሰው ሆኖ መሄዱ ነው። መጸዳጃ ቤት አለው። ይህን እንደ ቀላል ነገር የሚያይ ወጣት ብቻ ነው። ስኳር ያለባቸው እናት፣ ኩላሊት የሚያስቸግራቸው አባት፣ እርጉዝ ሴት አውቶቡስ ላይ ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ? ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ አይጠጡም። በዚያ በአዋሽ ሙቀት ውስጥ ከንፈራቸው ደርቆ፣ «ልጄ፣ መኪናውን አስቁምልኝ» ማለት አፍረው ይሄዳሉ። ባቡር ላይ ይነሳሉ፣ እግራቸውን ያፍታታሉ፣ እግራቸው ያበጠ እንደሆነ አልጋ ላይ ይዘረጉታል። ሕፃን ያዘለች እናት ልጇን አስተኝታ ራሷም ጎኗን ታሳርፋለች። ተራራ የለም፣ ኩርባ የለም፣ የሚያስመልሰው ሰው የለም። በዕድሜ የገፋ ሰው ድሬ ልሄድ ነው ሲለኝ፣ ገንዘቡ ለአውሮፕላን የማይበቃ ከሆነ፣ ያለ ማመንታት ባቡር እላለሁ።

ታዲያ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን ሁሉም በባቡር አይሄድም? እዚህ ላይ ነው ጫፍና ጫፉ የሚመጣው። መነሻው ፉሪ ለቡ ነው፤ የከተማው ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ። የድሮው ጣቢያ ለገሃር የከተማው እምብርት ላይ ነበር፤ ሰው ከፒያሳም ከመርካቶም በእግሩ ይደርስበት ነበር። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ለገሃርን ያልፋል፣ በደቡብም ቃሊቲ ይደርሳል፤ ለቡ ግን አይደርስም። በአንድ ዘመን የተሠሩ፣ ሁለቱም በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ሁለት ሀዲዶች በአንድ ከተማ ውስጥ አልተገናኙም። ድሬ ስትደርሱም እንደዚያው ነው፤ የድሮው ጣቢያ ከዚራ ሰፈር መሀል፣ ከዛፉ ጥላ ስር ነበር፤ አዲሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ገላጣ ላይ ተቀምጧል። ከባቡር ስትወርዱ ባጃጅና ታክሲ ዋጋውን የሚቆርጠው ሌላ አማራጭ እንደሌላችሁ አውቆ ነው።

ምክንያቱ ይገባኛል። አዲሱ ሀዲድ ሰፋ ያለ ኩርባና ለስለስ ያለ ዳገት ይፈልጋል፤ በቤት የተሞላ ከተማ ሰንጥቆ ይግባ ቢባል ስንት ሰው ከቀዬው ይነሳ ነበር። ደግሞም ይህ መስመር ከሁሉ በፊት የጭነት መስመር ነው። የአገሪቱ የገቢና የወጪ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ሀዲዱም እንጀራው ኮንቴይነር ነው። ከሰበታ እስከ አዳማ ጥንድ ሀዲድ አለ፤ ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ነው፤ አንዱ ባቡር ሌላውን ለማሳለፍ ጣቢያ ላይ ይቆማል። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ይቆማል። ግመልና ከብት ሀዲዱን ሲያቋርጡ ይቀዘቅዛል፤ የከረዩ፣ የአፋርና የኢሳ አርብቶ አደር መሬት መሀል ለመሀል ነውና የሚሄደው፣ እንስሳ ተገጭቶ ካሳና ክርክር የተነሳበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከብቱ ለዚያ ሰው ሀብቱ ሁሉ ነው፤ ባቡሩ ፍጥነቱን ቢቀንስለት ተገቢ ነው እላለሁ።

የማይገባኝ ግን ቀላሉ ነገር አለመሠራቱ ነው። የመንገደኛው ባቡር በየቀኑ የሚነሳ አልሆነም፤ ዛሬ ከሄደ ለመመለሻው ቀን ይጠበቃል። ነጋዴ እንዲህ ባለ ቀን ሥራውን ማቀድ አይችልም፤ ስለዚህ ወደ አውቶቡሱ ይመለሳል፤ ነጋዴው ሲቀር ባቡሩ ሰው አጣ ይባላል። ከለገሃርና ከመገናኛ ወደ ለቡ፣ ከድሬ ጣቢያ ወደ ከዚራና ወደ መጋላ በባቡሩ ሰዓት የሚነሳና የሚጠብቅ የከተማ አውቶቡስ መመደብ ስንት ያስወጣል? ያን ሁሉ ብድር ለሀዲዱ የወሰደ አገር ለመጨረሻዋ አሥር ኪሎ ሜትር ሊሰስት አይገባም። ድሬን የወለደው ባቡር ነው፤ የድሬ እናቶች በክብር ተቀምጠው የሚሄዱበት እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ በየተቀመጥኩበት የማነሳውም ለዚህ ነው።

በባቡር ለመሄድ ከወሰናችሁ እንግዲህ ይህን አድርጉ። የመነሻውን ቀን በስልክ ወይም ትኬት ቢሮ አረጋግጡ፤ ከሰው የሰማችሁትን አትመኑ፣ ቀኑ ይቀያየራል። መታወቂያችሁን ያዙ። ጠዋት ስለሚነሳ ከሩቅ ሰፈር የምትመጡ ከሆነ ለቡ ወይም ጀሞ አካባቢ ዘመድ ካላችሁ እሱ ዘንድ እደሩ። ምግብ ከቤት ቋጥሩ። ለሽማግሌ የታች አልጋ ጠይቁ፤ የላይኛው መሰላል አለው። ድሬ ያለው ተቀባይም ሰዓቱን ሳይሆን አዋሽ ወይም ሚኤሶ ስትደርሱ የምትደውሉለትን ስልክ ይጠብቅ።

ቁልቢ ገብርኤል ለሚሄዱ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲቃረቡ አውቶቡሱም አውሮፕላኑም ቀድሞ ይሞላል፤ ትኬት ሳምንታት ቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም። ቁልቢ የመኪናው መንገድ ላይ ነው፣ ጋራው ላይ፤ ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ ስእለታቸውን ያደረሱበት ደብር። ባቡሩ በሜዳው ስለሚያልፍ ቁልቢን አያገኘውም። በባቡር ድሬ የሚገባ ምዕመን በደንገጎ ዳገቱን መልሶ መውጣት አለበት። ስለዚህ ለቁልቢ አውቶቡስ ይቀናል፤ ደጃፉ ላይ ያወርዳችኋልና።

መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብሎ መጠየቅም ከጉዞው ዝግጅት አንዱ ነው። ባለፉት ዓመታት ይህ መስመር የተዘጋባቸው፣ መንገደኛ አዳማ ወይም አዋሽ ላይ ያደረባቸው ቀናት ነበሩ። ከመነሳታችሁ በፊት ባለፈው ቀን የገባ ሹፌር ወይም ዘመድ ጠይቁ። አጠራጣሪ ከሆነ ጉዞውን በሁለት ቀን ማዘግየት ወይም ገንዘብ አሰባስቦ በአውሮፕላን መሄድ ነው እንጂ «እኔን ምን አገኘኝ» ተብሎ የሚገባበት አይደለም።

የመልሱን ነገር ልንገራችሁና ልጨርስ። ከድሬ ስትመለሱ አዋሽ ላይ ፍተሻ አለ፤ ከምሥራቅ የሚመጣ ዕቃ ይበረበራል። አውቶቡሱ ይቆማል፣ ሻንጣ ይወርዳል፣ ይከፈታል። ለራሳችሁ የገዛችሁት ልብስና ለቤት የያዛችሁት ሐላዋና ሙሸበክ አያስቸግርም፤ የሰው ዕቃ «ብቻ አድርስልኝ» ተብላችሁ ከተቀበላችሁ ግን ሙሉ አውቶቡስ እናንተን ይጠብቃል። አዲስ አበባ ስትቃረቡ ቱሉ ዲምቱ ላይ የማታው ጭንቅንቅ ይጠብቃችኋል፤ ምሽቱን ቀጠሮ አትያዙ። የመመለሻውን ትኬት ድሬ እንደገባችሁ በማግስቱ ቁረጡ፤ በተለይ እሁድና የበዓል ማግስት ወንበር ይጠፋል። የባቡሩ ተራ ከመመለሻ ቀናችሁ ጋር ከገጠመ ደግሞ በአውቶቡስ የሄዳችሁም ብትሆኑ በእሱ ተመለሱ፤ መስኮቱን በግራ ያዙ፣ በሄዳችሁበት ጋራ ግርጌ ነው የምታልፉት።